ራም ለመግዛት ከመውጣታችን በፊት

 

በዚህ ወር እትማችን የምንጨዋወተው ስለ ኮምፒዩተር ሜሞሪ፣ በገበያው ቋንቋ «ራም» ስለሚባለው ዕቃ ነው። ርዕሱን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ አባት አንዲት ካኪ ፖስታ ይዘው ከቢሯችን ብቅ አሉ። ከፖስታው ውስጥ ስንዝር የማትሞላ፣ ጠርዟ ላይ ወርቃማ ጥርሶች የተደረደሩባት አረንጓዴ ሰሌዳ አውጥተው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ይህችን ገዝቼ አልገባ አለችኝ። እስቲ እዩልኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ልጆች በአንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ይጠቀማሉ። ታላቅየዋ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንደሚታወቀው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ልጅቷም ቢደርሰኝ ብላ እጇን ከኪቦርዱ ለማላመድ ስትል በየማታው ትለማመዳለች። ይሁን እንጂ ሁለት ሦስት መስኮት በከፈተች ቁጥር ማሽኑ «ስታክ» እያደረገ ያበሳጫታል። የጎረቤት ልጅ አየት አደረገና «ራም አንሶት ነው ጋሼ፣ ስምንት ጊጋ ይጨምሩበት» አላቸው። አባት ከደመወዛቸው ቀንሰው ለወራት ያጠራቀሙትን ይዘው ወጡ፤ ገዝተውም ተመለሱ። ሽፋኑ ተከፍቶ ሲሞከር ግን ዕቃውና መሰኪያው አልገናኝ አሉ። ወጣቱ በኃይል ሊጫነው ሲል የቤቱ እመቤት «ተው ልጄ፣ በግድ የገባ ነገር ደግ አያመጣም» ብለው አስቆሙት። እኒህ እናት ስለ ኮምፒዩተር ባያውቁም ማሽኑን ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ አባት ወደ ሱቁ ሲመለሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩአቸው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ይከብዳል። እሳቸው «ስምንት ጊጋ ራም» ብለው ጠየቁ፤ ስምንት ጊጋ ራም ተሰጣቸው። ዕቃው ጤነኛ ነው። የእሳቸው ማሽን ዕቃ ብቻ አይደለም። ሻጭ ምን ዓይነት ማሽን እንዳላቸው አልጠየቀም፤ ገዢም ምን እንዳላቸው አላወቁም ነበር።

ስህተቱ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል፤ ራም ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ አንስቶ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን የሜሞሪ ምርት ስለተሻሙት ዋጋው በዓለም ገበያም ንሯል። ከታላላቆቹ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን በዲሴምበር 2025 «ክሩሻል» በሚል ስም ለግለሰቦች ይሸጥ የነበረውን ዕቃ እንደሚያቆም እስከ ማስታወቅ ደርሷል። ስለሆነም ሐላል ገንዘባችን መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፣ ከቤት ከመውጣታችን በፊት የግማሽ ሰዓት ሥራ አለብን።

ለመሆኑ ራም ምንድን ነው?

እኒሁ አባት «ስገዛው ባለ 500 ጊጋ ነው ብለውኛል፤ እናንተ ደግሞ 4 ጊጋ ነው ትሉኛላችሁ። 496ቱ የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁን። ብዙዎቻችን የምንደናገረው እዚህ ላይ ነውና መልሱን ከሰፈራቸው ስም እንዋሰው።

ጎተራ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ጎተራ ነው። ጎተራ እህሉን ከመኸር እስከ መኸር ያቆያል። ነገር ግን ማንም እናት ጎተራ ውስጥ ገብታ እህል አትለቅምም። የዕለቱን ቆንጥራ ሰፌድ ላይ ታወጣለች፤ ታበጥራለች፤ ትለቅማለች። ሃርድ ዲስክ ጎተራው ነው፤ 500 ጊጋ የተባለው እርሱ ነው። ራም ደግሞ ሰፌዱ ነው። ኮምፒዩተሩ በዚህች ሰዓት የሚሠራበትን ብቻ ከጎተራው አውጥቶ ሰፌዱ ላይ ያደርጋል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ያላስቀመጥነው ጽሑፍ የሚጠፋብን ሰፌዱ ላይ የነበረው ስለሚደፋ ነው፤ ጎተራ የገባው ግን በቦታው ይቆያል።

ሰፌዱ ጠባብ ሲሆን ምን ይሆናል? ማሽኑ የያዘውን ግማሽ ወደ ጎተራ እየመለሰ ሌላውን ያወጣል፤ ያንን መልሶ ይህን ያመጣል። ጎተራው ከሰፌዱ እጅግ የዘገየ ነውና ሥራው ሁሉ ምልልስ ይሆናል። ልጅቷ «ስታክ አደረገ» የምትለው ይህንኑ ምልልስ ነው።

በእርግጥ የጎደለው ራም ነው?

ከመግዛት በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ማሽን ሁሉ በራም ማነስ አይዘገይምና። ምርመራው ቀላል ነው። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ዘወትር የምንከፍታቸውን ፕሮግራሞች እንክፈት። ማሽኑ መዘግየት ሲጀምር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ እንጫን። «ታስክ ማናጀር» የተባለው መስኮት ይመጣል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን መጫን ነው። ቀጥሎ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያም «ሜሞሪ» የሚለውን እንምረጥ።

ሜሞሪው ከመቶ 85 ወይም 90 ተይዞ ከሆነ ሰፌዱ ሞልቷል፤ ራም መጨመር ይጠቅማል። ሜሞሪው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ዲስክ» የሚለው መቶ በመቶ ተጨናንቆ ከታየ ግን ችግሩ የጎተራው ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ገንዘቡ መዋል ያለበት ራም ላይ ሳይሆን አሮጌውን ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ በመተካት ላይ ነው። በዚህች ምርመራ ብቻ ከስህተቱ ግማሽ እንድናለን። በእንግዳችን ማሽን ላይ የታየው ከመቶ 91 ነበር። የጎረቤት ልጅ እዚህ ላይ እውነት ነበረው።

ሽፋኑን ሳንከፍት ምን ማወቅ ይቻላል?

እዚያው የሜሞሪ ገጽ ላይ አራት ነገሮችን በወረቀት እንጻፍ። አንደኛ፣ ጠቅላላ መጠኑ ስንት ጊጋ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ «ስፒድ» የሚለው ፍጥነት፤ 1600፣ 2400 ወይም ሌላ ቁጥር ይሆናል። ሦስተኛ፣ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለው፤ ካሉት መሰኪያዎች ስንቱ እንደተያዙ ይነግረናል። አራተኛ፣ «ፎርም ፋክተር»፤ «ዲም» ካለ የዴስክቶፕ ረጅሙ ሰሌዳ፣ «ሶዲም» ካለ አጭሩ የላፕቶፕ ሰሌዳ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ዴስክቶፖችም የላፕቶፑን አጭር ሰሌዳ እንደሚጠቀሙ አንርሳ።

የእንግዳችን ማሽን ጠቅላላ 4 ጊጋ፣ ፍጥነት 1600፣ ከሁለት መሰኪያ አንዱ የተያዘ፣ ዓይነቱም ዲም ነበር። ይህ መልካም ዜና ነው፤ አንድ መሰኪያ ባዶ ስላለ ያለውን ሳንጥል መጨመር ይቻላል።

አሁን የቀረው ዋናው ጉዳይ ትውልዱ ነው። ራም በየትውልዱ ይለያያል። እ.ኤ.አ. ዲዲአር3 በ2007፣ ዲዲአር4 በ2014 ገበያ ላይ ውለዋል፤ የዲዲአር5 ደረጃ ደግሞ በ2020 ወጥቷል። አንዱ በሌላው መሰኪያ ፈጽሞ አይገባም። ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋ የተለያየው ሆን ተብሎ፣ ሰው እንዳይሳሳት ነው። የጥርሶቹን ብዛት ብቻ ማመን ግን አያዋጣም፤ የዴስክቶፕ ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ሁለቱም 240፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ ሁለቱም 288 ጥርስ አላቸው። የቮልቴጅ ፍላጎታቸውም ይለያያል፦ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር4 በ1.2፣ ዲዲአር5 በ1.1 ቮልት ይሠራሉ። ስለዚህ ያልገባ ሰሌዳ በጉልበት ሲጫኑት መሰኪያውን ይሰብራል፤ ያኔ ጉዳቱ ከራሙ አልፎ ለቦርዱ ይተርፋል።

ትውልዱን በስክሪን ለማወቅ ሲፒዩ ዜድ የተባለውን በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ አውርዶ መክፈት ነው። «ሜሞሪ» በሚለው ገጹ ላይ ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ብሎ በግልጽ ይጽፋል። «ኤስፒዲ» የሚለው ገጽ ደግሞ በየመሰኪያው ያለውን ሰሌዳ ለየብቻ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ መጠኑንና የአምራቹን ስም የተሸከመች አንዲት ትንሽ ቺፕ፣ እንደ መታወቂያ ወረቀት አለችው። እዚህ ላይ ፍጥነቱ 800 ተብሎ ቢታይ አትደንግጡ። ፕሮግራሙ የሚያሳየው የሰዓት ምቱን ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ በሁለት ሲባዛ 1600 ይሆናል።

ከዕቃው ላይ ማንበብ

ፕሮግራም መጫን የማይመቸው ሽፋኑን ከፍቶ ጽሑፉን ያንብብ። አስቀድሞ ማሽኑን ማጥፋት፣ ገመዱን ከግድግዳው መንቀል፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪውን መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን ያልተቀባ ብረት በእጃችን እንንካ፤ በልብሳችንና በምንጣፍ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳያቃጥል ነው። በሰሌዳው ሁለት ጫፍ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስናደርጋቸው ሰሌዳው ብቅ ይላል። ጥርሶቹን ሳንነካ ጠርዙን ይዘን እናውጣ።

ተለጣፊው ወረቀት በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። በእንግዳችን ሰሌዳ ላይ የነበረው ሲነበብ «4 ጂቢ፣ 1 አር በ8፣ ፒሲ3 ሰረዝ 12800 ዩ» ይላል። እስቲ እንፍታው። 4 ጂቢ መጠኑ ነው። «1 አር በ8» ቺፖቹ የተደረደሩበትን ሁኔታ ይገልጻል። «ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3 ነው፤ «ፒሲ4» ቢል ዲዲአር4 ይሆን ነበር። ከ3 ቀጥሎ «ኤል» የምትል ፊደል ካለች በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ በ1.35 ቮልት መሥራት የሚችለው ነው። 12800 ደግሞ ፍጥነቱን በሌላ አቆጣጠር ነው፤ በአንድ ጊዜ 8 ባይት ስለሚተላለፍ 1600ን በ8 ስናባዛ 12800 እናገኛለን። በዚሁ ስሌት ፒሲ4 ሰረዝ 19200 የተባለው ባለ 2400፣ 25600 የተባለው ባለ 3200 መሆኑን ማንም ማስላት ይችላል። በብዙ ዲዲአር4 ላይ ግን 2400 ወይም 3200 ተብሎ በቀጥታ ይጻፋል።

የመጨረሻዋን ፊደል አትናቁ። «ዩ» የተለመደው ዴስክቶፕ፣ «ኤስ» የላፕቶፕ፣ «አር» የሰርቨር ነው። በዲዲአር4 ላይ ይህች ፊደል የምትገኘው ከሁለተኛው ሰረዝ ቀጥሎ ነው። የሰርቨር ራም ያገለገለ ሲሆን ረከስ ብሎ ሊቀርብ ይችላል፤ በመሰኪያው ውስጥም ልክ ይገባል፤ ነገር ግን በቤት ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም። በመግባቱ ብቻ የተደሰተ ገዢ ማሽኑ አልነሣ ሲለው ይደነግጣል።

ካነበብን በኋላ ጽሑፉን በስልካችን ካሜራ ፎቶ እናንሳው። ሰሌዳውን ስንመልስም ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ እኩል እንጫን። በደንብ ካልተቀመጠ ማሽኑ ሲበራ «ጢጥ ጢጥ» እያለ ምስል አይሰጥም፤ ይህ ሲሆን ተበላሸ ብሎ ከመደንገጥ መልሶ ማስገባት ነው።

ማሽኑ ስንት ይችላል?

አራት ጥያቄዎች ይቀሩናል። አንደኛው የቦርዱ አቅም ነው። በማሽኑ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘን በአምራቹ ድረ ገጽ ስንፈልግ በአንድ መሰኪያ ስንት፣ በጠቅላላው ስንት ጊጋ እንደሚቀበል ተጽፎ እናገኛለን። ሞዴሉ ቢጠፋ እንኳ ፕሮሰሰሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ዲዲአር3፣ ስምንተኛው ዲዲአር4 ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ወዲህ ያሉት ግን ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ሊሆኑ ስለሚችሉ በግምት አይገዛም።

ሁለተኛው የላፕቶፕ ጉዳይ ነው። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ መሰኪያ የላቸውም። ይህን ሳያውቁ ራም ገዝተው የመጡ ሰዎች ገጥመውናል።

ሦስተኛው የዊንዶውሱ ዓይነት ነው። «ሲስተም» በሚለው ገጽ ላይ ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑ ተጽፏል። ባለ 32 ቢት የሆነ የቤት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ስምንት ብንጨምርለት አራቱን ብቻ ያያል። መጀመሪያ ዊንዶውሱ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ራሙ ይጨመራል።

አራተኛው የማሽኑ ዕድሜ ነው። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ስለዚህ አሮጌ ማሽን ላይ ለልጆች ትምህርት የሚበቃውን ያህል መጨመር መልካም ነው፤ ከዋጋው የሚበልጥ ገንዘብ ማፍሰስ ግን ኢስራፍ ይሆናል።

ገበያ ስንሄድ

ከሁሉ የተሻለው ምክር አሮጌውን ሰሌዳ ራሱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መሄድ ነው። «ይህን የመሰለ፣ ይህን ያህል ጊጋ» ማለት ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል። የተመሳሳይ መጠንና ፍጥነት ጥንድ ሲሆን ማሽኑ ከሁለቱ በአንድነት ስለሚያነብ ይፈጥናል። ፍጥነታቸው የተለያዩ ከሆኑ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። ስለሆነም ለ1600 ማሽን ውድ የሆነውን ፈጣን ሰሌዳ መግዛት ጥቅም የለውም።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ካልገጠመ ወይም ካልሠራ በስንት ቀን ውስጥ ይለወጣል? ደረሰኙ ላይ ትውልዱና መጠኑ ይጻፍልን። ማሽኑን ይዞ መሄድ የሚቻል ከሆነ እዚያው አስገጥሞ መሞከር ነው። ነጋዴ ወንድሞቻችንንም አንድ ነገር እናሳስባለን፦ «ማሽኑ ምን ዓይነት ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ለእናንተ ግማሽ ደቂቃ፣ ለገዢው የወራት ቁጠባ ናት። አማና ማለት የተበላሸ ዕቃ አለመሸጥ ብቻ አይደለም፤ ለገዢው የማይሆነውን እያወቁ አለመስጠትም ነው።

ቤት ስንመለስ ታስክ ማናጀርን ዳግም እንክፈትና አዲሱ ድምር መታየቱን እናረጋግጥ። «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የተባለው ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣ መመርመሪያም አለ። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ሰሌዳዎቹን ፈትሾ ጉድለት ካለ ይናገራል። ይህንን የመለወጫው ቀን ሳያልፍ ማድረግ ነው።

እንግዳችን የሚያስፈልጋቸው 4 ጊጋ፣ ዲዲአር3፣ ባለ 1600 የዴስክቶፕ ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የገዙት ዲዲአር4 ነበር። በሳምንቱ አሮጌውን ሰሌዳ በካኪ ፖስታቸው ይዘው ከልጃቸው ጋር ሌላ ሱቅ ሄዱ። ዝርዝሩን ያነበበችው ልጅቷ ናት፤ ሻጩም ያለ ክርክር ትክክለኛውን አውጥቶ ሰጣት። ዛሬ ማሽኑ 8 ጊጋ ያሳያል፤ ከመቶ 91 የነበረውም ወደ ግማሽ ወርዷል። የመጀመሪያዋ ሰሌዳ ግን ገዢ እስክታገኝ ከነደረሰኟ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። አባት ስለ እርሷ ሲነሣ «የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልኩ» ይላሉ።

እኛም የእሳቸውን ክፍያ ለአንባቢዎቻችን ትምህርት አድርገነዋል። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ኢንሻ አላህ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።